ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ሆርስት

ዋይደርቬን፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1966

ለተወደድክ ወንድሜ ለሩሎፍ፣

እዚያ ካናዳ ከባለቤትህ ከአልትየና ከልጆቻችሁ ጋር እግዚአብሔር በጤና ይጠብቅህ። እኔ ከነፋሱና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ማዕበሉን ከሬዲዮው ቀድሞ ነው የሚነግረኝ፤ ዘንድሮም አልዋሸም።

አዲስ ቄስ መጥቶልናል። ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ የከተማ ልጅ ነው። እኔ ዘንድ ሾርባ ሊጠጣ መጥቶ በመስኮት ሐይቁን እያየ ዕድሜው ስንት ነው አለኝ። ከአባቴ ይበልጣል፣ ከአያቴ ያንሳል አልኩት። የቀለድኩበት መሰለው። እኔም ተቀምጬ ነገርኩት፦ ይሄ ሁሉ መሬት እንደነበረ፣ አያቶቻችን ጥቁሩን የማገዶ አፈር ከሥር እያወጡ፣ እያሰጡ፣ እንደ ዳቦ እየቆረጡ በጀልባ ለከተማ እንደሸጡት፣ የእሱ ቅድመ አያትም አምስተርዳም ተቀምጣ እግሯን ያሞቀችው በእኛ መንደር እንደሆነ። የተቆፈረው ውሃ ሆነ፣ አፈሩ የሚሰጣበት ረጅም ረጅም መደብ ብቻ በመሃል ቀረ። መደቡን ማንም እንዳይነካ ደንብ ነበር። አያታችን ስቶፈር ግን በየክረምቱ ከግራም ከቀኝም ትንሽ ትንሽ ይልጠው ነበር። አንድ ኖቬምበር ነፋሱ መጣና መደቡን በጥሶ ሁለቱን ውሃ አገናኛቸው፤ ምዕራቡ ሰፈር ከነትምህርት ቤቱ ሄደ። ሰፊው ውሃ እስከ ዛሬ «የስቶፈር ስስት» ይባላል።

ቄሱ ሳቀ። ስቶፈር የሚባለው ማን ነው አለኝ። አሁን አፍንጫውን እያየህ ነው አልኩት። ሾርባውን ሳይጨርስ ሄደ፣ ምስኪን።

ቀጭኗን መደብ በየዓመቱ እንደማደርገው ጠገንኳት። የአኻያ ቅርንጫፍ ጠልፌ፣ ችካል መትቼ፣ ከውሃው ሥር ጭቃ እያወጣሁ ከላይ ደለደልኩባት። እሷ ብቻ ናት ከአያታችን መደብ የተረፈችው፤ እሷ ባትኖር ማዕበሉ ቀጥታ የመቃብሩን ግቢ ነበር የሚመታው። የሴፕቴምበሩ ነፋስ ትንሽ ጎድቷታል። ትንሽ ነው፣ አታስብ።

የእናንተን ቀይ ሽንኩርት ዘር ላክልኝ። የእኛ ሽንኩርት ዘንድሮ ውሃ ውሃ ይላል።

እህትህ ሄርሚና

* * *

ኦንታሪዮ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1966

ለእህቴ ለሄርሚና፣

የልደቱ ጌታ ደጅሽንና ዳክዬዎችሽን ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን። ሽንኩርቱ ገብቷል፣ ካሮቱም ገብቷል፣ ልጆቹም በእንግሊዝኛ እየተጣሉ ነው። ዘሩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

የቄሱን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ ያለነውም ከስቶፈር ብዙ አልተሻልንም። ረግረጉን አድርቀን ነው የምናርሰው፤ አፈሩ እንደኛው ጥቁር ነው፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ዱቄት ይቀልላል። በጸደይ ነፋስ ሲነሳ ማሳዬ በመስኮቴ ፊት ለፊት አየር ላይ ሲያልፍ አየዋለሁ። የቤቱ ደረጃ ስንመጣ ከመሬት እኩል ነበር፣ አሁን ልጆቹ ዘለው ነው የሚወርዱት። እኛ ባንቆፍረውም ይሄዳል። አንዳንድ ቀን አፈሩ ወዴት ነው የሚሄደው ብዬ አስባለሁ፤ ምናልባት እናንተ ሐይቅ ላይ ይዘንብ ይሆናል እላለሁ።

ሄርሚና፣ ስለ ቄሱ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ጉልበትሽ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ቀጭኗም ጻፍሽልኝ። ከቀጭኗ ጀርባ ስላለው መቃብር ግን አንድም ቃል የለም። በፊት ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ «የዳሩ ረድፍ ሰላም ነው» ትይኝ ነበር። ሣሩን እንዳጨድሽ፣ ወፍ እንደተቀመጠበት እንኳ ትጽፊልኝ ነበር። ቲመን እንዴት ነው?

እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። አልትየ አትጠይቅም። መርከቡ ላይ ከወጣንበት ቀን ጀምሮ ስሙን አንስታ አታውቅም። እዚህ የተወለዱት ልጆች ታላቅ ወንድም እንደነበራቸው አያውቁም። ደብዳቤሽ ሲመጣ ታያለች፣ እጇን ትጠርጋለች፣ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም አላነብላትም። እንዲህ ሆነን አሥራ አምስት ዓመት ኖርን፤ ለምደነዋል ማለት ነው።

ወንድምሽ ሩሎፍ

* * *

ዋይደርቬን፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1967

ለተወደድክ ወንድሜ ለሩሎፍ፣

አዲሱን ዓመት የምሕረት ዓመት ያድርግላችሁ። ዘሩ ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጣሳ ውስጥ አድርጌ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅየዋለሁ፣ አይጡ እዚያ አይደርስም።

ሐይቁ ረግቶልናል። ነፋስ ሳይነካው በአንድ ጊዜ የረጋ ጥቁር በረዶ ነው፤ እንደዚህ ያለውን አንተ ከሄድክ ወዲህ አላየሁም። በዚህ ዕድሜዬ የአባቴን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አስሬ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ወደ መጠጥ ቤቱ ሲንሸራተት እኔ ወደ ምዕራብ ሄድኩ። እዚያ መሃል ላይ በሆዴ ተኛሁና በሁለት እጄ ዓይኔን ከልዬ ወደ ታች አየሁ። ሩሎፍ፣ ሁሉም ነገር እዚያው ነው። የትምህርት ቤቱ የመሠረት ድንጋይ አለ፣ መንገዱ ነጣ ብሎ ይታያል፣ የፒር ፍሬ ዛፎቹ ጉቶ በረድፍ ቆሟል። ዓሣ በበሩ ይገባል፣ በበሩ ይወጣል። በረዶው ሲያቃስት ከሥሬ የሆነ ሰው በር የሚዘጋ እየመሰለኝ ብዙ ቆየሁ። ሉካስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ የሞትኩ መስሎት መንሸራተቻ ወንበር እየገፋ መጣ። «ሄርሚና፣ ይህም ነገር ቀን አለው፤ ተራሽን ጠብቂ» ብሎ ተቆጣኝ።

አንድ ነገር ልለምንህ። የምዕራቡን ውሃ የቦታ ስሞች ጽፈህ ላክልኝ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስቶ እስከ ሆርስት ኮረብታ ያለውን፣ በቅደም ተከተል። እኔ የማውቀው ግማሹን ነው። አባታችን በዚያ በኩል ሲሠራ አንተን ይዞህ ይሄድ ስለነበር ሁሉንም ታውቃለህ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም አልቀዋል። ቄሱ ካርታ ልስል ነው ብሎ አስቸገረኝ።

የመቃብሩን ግቢ በረዶ ሸፍኖታል። ጸጥ ብሏል።

እህትህ ሄርሚና

* * *

ኦንታሪዮ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1967

ለእህቴ ለሄርሚና፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ዛሬ ብዙ መመረቅ አልቻልኩም፣ ይቅር በይኝ።

ቄስ ካርታ ይስላል? እኔን እንደዚያ ቄስ ሾርባ ላይ አስቀምጠሽ አታጫውቺኝም። እኔም እዚያው ነው የተወለድኩት። በእኛ ዘንድ ስም በቅደም ተከተል የሚጠየቅበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። አባታችን የሞተ ቀን እኔና አንቺ ታንኳው ጫፍ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን ነበር። አጎታችን ዘንጉን እየገፋ የምናልፍበትን ሁሉ በስሙ ሲጠራ፣ ሬሳው መንገዱ እንዳይጠፋበት ነው ብለሽ በጆሮዬ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ስሙን የሚጠራው የሥጋ ዘመድ ነው፤ ካልጠራ ሰውየው ውሃው ላይ ይቀራል አልሽኝ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እስካሁን አምናለሁ።

ታመሻል። ጉልበትሽን ብቻ አይደለም። ለራስሽ መንገድ ነው ስሙን የምትሰበስቢው፤ ማን እንደሚጠራልሽ ግን አላውቅም፣ ከእኔ በቀር ዘመድ የለሽም። ወደ ሆርስት ኮረብታ የምትሄጂውም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከእኛዎቹ ጋር መቀበር ስላልፈለግሽ ነው? ምን አድርገንሽ ነው?

ስለዚህ ስሞቹን አልልክም። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ አሁንም ጎተራ ውስጥ ሽንኩርት ስለቅም በአፌ እየመጡ ነው፤ አልልክም። እኔ እስካልላክሁልሽ ድረስ የትም አትሄጂም።

ሐኪም ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።

ሩሎፍ

* * *

ዋይደርቬን፣ ማርች 12 ቀን 1967

ለወንድሜ ለሩሎፍ፣

እግዚአብሔር ልብህን ያሳርፍልኝ። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሳህኑን ሳላነሳ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንተ ደንቆሮ፣ እኔ አልታመምኩም። ትናንት አንድ ጭነት ሸምበቆ አጭጄ ነው የገባሁት።

ልዋሽህ አልፈለግሁም ነበር፤ ስሞቹን ከላክህልኝ በኋላ ጨርሼ ልነግርህ ነበር ያሰብኩት። የሴፕቴምበሩ ነፋስ ቀጭኗን አልጎዳትም፣ ከመሃል ቆርጧታል። እኔ የጠገንኩት ዳርና ዳሩን ነው፤ መሃሉ ዘንጌ መሬት አላገኘለትም። ክረምቱን በረዶው ያዘልን፣ አሁን ግን ቀልጧል፣ ማዕበሉም የግቢው አጥር ጋ ደርሷል። የዳሩን ረድፍ ሊወስደው ነው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ያ ረድፍ ወደ ሆርስት ይዛወር፣ እዚያ አሸዋማ ኮረብታ ስለሆነ ውሃ አይደርስበትም አሉ። እያንዳንዱ በዘመዱ ይወሰዳል፤ ከፋሲካ በኋላ ነፋስ በሌለበት የመጀመሪያ ቀን።

ቲመንን ዳሩ ላይ ያስቀመጥነው ታንኳ ሲያልፍ ማየት ስለሚወድ ነበር። ደረቱ እያፈነው እንኳ መስኮት ላይ አውጡኝ ይል ነበር። ያን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ከዚያ የማነሳውም እኔ ልሆን ነው።

ዘንጉን መያዝ ያለበት አባት ነው። መምጣት ከቻልክ ና። ካልቻልክ እኔ እይዛለሁ፤ እኔም ሥጋው ነኝ። ስሞቹን ግን ስጠኝ፤ ልጁን ስም በሌለው ውሃ ላይ አላሳልፈውም።

ሌላም አለ። ሆርስት ከመድረሳችን በፊት የሚታለፈው ሰፊው ውሃ ነው። ደንቡ ስሙ እንዳለ ይጠራ ነው፣ ሉካስም አብሮኝ ታንኳው ላይ ይቀመጣል፤ ሉካስን ታውቀዋለህ፣ በደንብ ጉዳይ ለእናቱም አይመለስም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «የስቶፈር ስስት» ሲሉኝ እየሳቅሁ ኖሬያለሁ። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን፣ እሱ ምንም ሳይነካ፣ በጆሮው ይሄን ልበለው? አባቱ አንተ ነህ። ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ ሄርሚና

* * *

ኦንታሪዮ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1967

ለእህቴ ለሄርሚና፣

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ከመጣ ቆይቷል። አንብቤ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩት፣ ካፖርቱን በር ላይ ሰቀልኩት፣ በየቀኑ አጠገቡ አልፋለሁ። ዘር የምንዘራበት ሰሞን ነው፣ መምጣት አልችልም ብዬ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ፤ እውነት ነው፣ ግን ምክንያቱ እሱ አይደለም። ብመጣ ለአልትየ ለምን እንደምሄድ መናገር ሊኖርብኝ ነው። አፌ አልታዘዘኝም።

ስሞቹ እነዚህ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ስትነሺ «የደወሉ ጥላ»። ቀጥሎ «የድንቢጥ መደብ»፣ ከዚያ «እርጥብ እንጀራ»፣ አፈሩ አልደርቅ ይል የነበረበት። ትምህርት ቤቱ የነበረበት «የኖራው ግድግዳ» ነው። ወደ ግራ ስትታጠፊ «የመበለቶቹ ሰልፍ» የሚባለው ጉቶው ያለበት ነው፣ ከዚያ «ዝም በል»፤ እዚያ ማንም አያወራም ነበር፣ ዓሣ ይበዛል። አባታችን እንደነገረኝ ነው የጻፍኩልሽ።

ስለ ሰፊው ውሃ ምን ልበልሽ። ሌላ ስም ብሰጠው ሉካስ ይቆጣል፤ የስም ለውጥ የሙታንን መንገድ ያጠፋል ይላል። እኔም እፈራለሁ። ግን ልጄ ያንን እየሰማ እንዲያልፍ አልፈልግም። ለሁለት ሳምንት ይሄንኑ ሳገላብጥ ከረምኩ። አንቺ ካለሽበት ሆነሽ እይው።

ነፋሱ እንዲቆይላችሁ እየጸለይኩ ነው፤ ደብዳቤው እስኪደርስ።

ሩሎፍ

* * *

ዋይደርቬን፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1967

ለወንድሜ ለሩሎፍ፣

ሰላም ለቤትህ። ነፋሱ አልጠበቀህም። ቅዳሜ ማለዳ ሐይቁ ትንፋሽ አልነበረውም፣ ጭጋግ ወርዶ ሰማዩና ውሃው አንድ ሆነው ነበር። ሉካስ በሬን መታና ዛሬ ነው አለኝ። ካንተ ምንም አልመጣም ነበር።

ሣጥኑ አዲስ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ታንኳው መሃል ላይ አስቀመጥነው። በላዩ የእናቴን የበግ ፀጉር ሻል ጣልኩበት። ሉካስ ቆቡን አውልቆ ከፊት ተቀመጠ። እኔ ዘንጉን ያዝኩ። ከኋላችን የሌሎቹ ታንኳዎች ይመጣሉ፤ አይታዩም፣ ዘንግ ከውሃ ሲወጣ የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማል።

«የደወሉ ጥላ» አልኩት። «የድንቢጥ መደብ» አልኩት። እስከ ትምህርት ቤቱ አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የማላውቀው መጣ። ዘንጉን አቆምኩ። ሉካስም ዞሮ አየኝ፤ ዝም ብዬ ባልፍ ልጁ እዚያው ይቀራል። እኔና አንተ የምናውቀውን ነገርኩት፣ ሌላ ምን አለኝ። «አባትህ ሱሪው የተቀደደበት» አልኩት። «አባትህ ዳክዬ መስሎት የቄሱን ኮፍያ የወጋበት» አልኩት። «አባትህ እናትህን መጀመሪያ ይዟት መጥቶ፣ ታንኳ የማታውቅ የአሸዋ አገር ልጅ ስለሆነች ታንኳው ላይ ቆማ የወደቀችበት» አልኩት። ሉካስ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ተቆጣ ብዬ ነበር፤ እየሳቀ ነው፣ በጺሙ ላይ ግን እንባ ይወርዳል።

ከዚያ ጭጋጉ ገለጥ አለ፣ ሰፊው ውሃ መጣ። ዳር የለውም፣ ታውቀዋለህ። እዚያ ሲደርሱ ሰው ትንሽ ይሆናል። አያታችንን አሰብኩ። ልጆቹን ሊያበላ ነበር የሚልጠው፤ ስስትም ይሁን ችግር እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ግን ለዚህ ልጅ የምነግረው አይደለም።

«የቲመን ውሃ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ።

ሉካስ መሳቁን ተወ። ሙሉ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ሄርሚና፣ እንደሱ አይባልም» አለኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ይባላል» አልኩት። «አንተ ሽማግሌ ነህ። ካልተባለ አሁኑኑ አስተካክለኝ፤ በልጁ ፊት ያንኛውን ስም አንተው በአፍህ በለው።»

ሣጥኑን አየው። ሻሉ ተንሸራቶ ነበር፣ አስተካከለለት። እኔም ዘንጉን አልገፋሁም፣ ታንኳው ብቻውን ይሄዳል። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ጭጋጉ ዞሮ፣ በዚያ መዝሙር በሚመራበት ድምፁ «የቲመን ውሃ!» ብሎ ጠራ። ከኋላችን ከአንዱ ታንኳ ወደ አንዱ ሲቀባበሉት ሰማሁ። የመጨረሻው ሰው ሲለው ከሩቅ ነበር።

ልጅህ ሆርስት ላይ ነው። አሸዋው ደረቅ ነው፣ ከዚያም ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ታንኳ ከመቼውም የበለጠ ያያል።

ኤፕሪል 20። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ሳልጥለው ያንተው ደረሰ። ስሞቹን አነበብኳቸው፣ «የመበለቶቹ ሰልፍ»ን እንዴት እንደረሳሁት። ለቲመን አይደርሱለትም፣ እሱ በራሱ መንገድ አልፏል። ለእኔ ቀን አስቀምጫቸዋለሁ። ጠሪው አንተ ስለሆንክ እንዳትረሳቸው፤ አሁን ግን አትቸኩል፣ ሽንኩርትህን ገና ዘርቼዋለሁ።

ዛሬ ዓሣ ሻጩ በመስኮት ስር ሲያልፍ ነፋሱ ከየት ነው ብዬ ጠየቅሁት። «የቲመን ውሃ ላይ ከደቡብ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው።

እህትህ ሄርሚና

* * *

ኦንታሪዮ፣ ሜይ 14 ቀን 1967

ለእህቴ ለሄርሚና፣

እጅሽን እግዚአብሔር ይባርከው። ሌላ ምርቃት አጣሁ።

ደብዳቤሽ የመጣ ቀን አልትየ እንደ ልማዷ እጇን ጠርጋ ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል «ተቀመጪ» አልኳት። ልጆቹም ነበሩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩት። የመውደቋ ጋ ስደርስ ታናሿ ሳቀች፣ አልትየ አልሳቀችም። ሰፊው ውሃ ጋ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ፤ ትልቁ ልጅ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ፣ ሆላንድኛው እያስቸገረው፣ ጨረሰልኝ። «ቲመን ማን ነው?» ብሎ እናቱን ጠየቃት።

ተነስታ ወጣች። በመስኮት ሳያት ማሳው ጫፍ ላይ ቆማ ጥቁሩ አፈር በአጠገቧ እየነፈሰ ያልፋል። ሾርባው ቀዘቀዘ። አበላሸሁት ብዬ ተቀምጫለሁ። ስትመለስ ፀጉሯ ሁሉ አፈር ነው። ልጆቹን አጠገቧ አስቀመጠቻቸው፣ እኔ የማላውቀውን እንኳ ነገረቻቸው፦ ጫማውን ግራና ቀኙን አቀያይሮ ማድረግ እንደሚወድ፣ ዳክዬ ሲያይ እንደሚያስነጥስ።

መከሩን ሰብስበን ኦክቶበር ላይ እንመጣለን፣ ሁላችንም። ቀጭኗን እንሞላታለን፤ ትልቁ ልጅ ክንዱ የስቶፈር ነው፣ አፍንጫውም። ከዚያ ወደ ሆርስት ዘንጉን እኔ እይዛለሁ፣ ስሞቹን ግን አልትየ «እኔ እጠራለሁ» ብላለች። ማታ ማታ ሽንኩርት እየላጠች ታጠናለች። «የመበለቶቹ ሰልፍ»ን ከ«ዝም በል» ታስቀድም ወይስ ታስከትል እስካሁን ትሳሳታለች፤ እኔም አስተካክላታለሁ።

የመጨረሻውን፣ የሰፊውን ውሃ ስም ግን አንድም ቀን አላስጠናኋትም።

ሩሎፍ